ከትእዛዝ መርጦ ስለ መታዘዝ

ስለ ክርስቲያን ጠባይ የተጻፈ ትምህርት። አስቀድሞ የሚነበብ፦ 1ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 15፤ ማቴዎስ ምዕራፍ 23፤ ገላትያ 2፥11-14፤ ያዕቆብ ምዕራፍ 2።

ክርስቲያን ነኝ ከሚሉት ሰዎች መካከል የእግዚአብሔርን ትእዛዝ ሁሉ እጥላለሁ ብሎ በአደባባይ የሚነሣ አይገኝም። እንዲህ የሚል ቢኖር ከሐዲ ይባላል እንጂ ግብዝ አይባልም። ግብዝ የሚባለው ከትእዛዙ አንዱን ይዞ ሌላውን የሚተው፥ በያዘውም የተወውን የሚሸፍን ሰው ነው። ወንጌል በተጻፈበት በግሪክ ቋንቋ ይህ ቃል አስቀድሞ በቴአትር መድረክ ላይ የሌላ ሰው መልክ ለብሶ የሚጫወት ሰው ስም ነበረ። ተጫዋቹ የንጉሥ ልብስ ቢለብስ ጨዋታው ሲፈጸም ያወልቀዋል፤ ማንንም አላታለለም። ግብዝ ግን የጨዋታውን ልብስ እንደ ለበሰ ወደ ቤቱ ይገባል፤ ለብሶት ይተኛል፤ በመጨረሻም የገዛ ቆዳው ይመስለዋል።

በዚህ ትምህርት የምንመረምረው፥ የምንይዘውንና የምንተወውን ትእዛዝ በምን ሚዛን እንደምንመርጥ ነው። ምርጫችን እንዲያው በአጋጣሚ የሚሆን አይደለምና።

1. የንጉሥ ሳኦል በጎች

ሳኦል በአማሌቃውያን ላይ በዘመተ ጊዜ ከምርኮው አንዳች እንዳያስቀር ታዝዞ ነበር። እርሱ ግን የተናቀውንና የማይረባውን አጠፋ፤ የሰቡትን በጎችና በሬዎች፥ ንጉሡንም አጋግን አስቀረ። ነቢዩ ሳሙኤል በመጣ ጊዜ ሳኦል ሳይጠየቅ ትእዛዙን ፈጽሜአለሁ ብሎ ተናገረ። ነገር ግን ነቢዩ የበጎቹን ጩኸት ሰማ። ንጉሡም በጎቹ የቀሩት ለመሥዋዕት ነው ብሎ አመካኘ።

በዚህ ታሪክ ሦስት ነገር እናስተውል። መጀመሪያ፥ ሳኦል ትእዛዙን ሁሉ አልተወም፤ የሚበዛውን ፈጽሟል። ሁለተኛ፥ የተወውን በአምልኮ ሸፈነው፤ አለመታዘዙ ራሱ መሥዋዕት ሆኖ እንዲቆጠርለት ወደደ። ሦስተኛውም ከሁሉ ይልቅ ሊታሰብ የሚገባው ነው። በዚያው ምዕራፍ ሳኦል ለራሱ የመታሰቢያ ሐውልት እንዳቆመ ተጽፏል፤ ከተገሠጸም በኋላ አጥብቆ የለመነው በሽማግሌዎችና በሕዝቡ ፊት እንዲከበር ነበረ። እንግዲህ የመረጠበት ሚዛን ይህ ነው፦ በሰው ፊት የሚያስከብረውን ያዘ፤ ክብሩን የሚቀንስበትን ተወ።

ይህንን ሚዛን ይዘን ከእስራኤል አገር ወደ ገዛ ሰፈራችን እንምጣ።

2. የነጠላውና የምጣዱ ምስክርነት

በአዲስ አበባ ሰሜን፥ በእንጦጦ ተራራ ግርጌ ያለው ጉለሌ የእጅ ሥራ አገር ነው። በሽሮ ሜዳና በዙሪያው ከጋሞ ደጋ፥ ይልቁንም ከዶርዜ፥ የመጡ ሸማኔዎች ከብዙ ዘመን ጀምሮ ተቀምጠዋል። የከተማው ሰው ለጥምቀትና ለፋሲካ፥ ለሠርግና ለክርስትና የሚለብሰውን ነጠላና ቀሚስ የሚገዛው ከዚያ ገበያ ነው። ከሽሮ ሜዳ ወዲህ በቀጨኔ ደግሞ ሸክላ ሠሪዎች ሴቶች አሉ። ጭቃውን ወቅጠው፥ ረግጠው፥ በእጃቸው ቅርጽ አውጥተው፥ አድርቀውና በእሳት ተኩሰው ምጣድና ድስት፥ ጀበናና እንስራ ይሠራሉ።

አሁን አንድ የተማረ ሰው በእሑድ ማለዳ ትንሽ ልጁን በእጁ ይዞ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ በአሳባችን እንመልከት። ነጠላው ነጭ ነው። ረቡዕና ዓርብን ሳይጾም ያለፈበት ሳምንት የለም። ከቀጨኔ ቁልቁለት አንዲት ሴት ድስትና ጀበና በጀርባዋ አዝላ ትወርዳለች። ባገኘችውም ጊዜ፥ «እንደምን አደሩ ጌታዬ» ብላ ጎንበስ ትላለች፤ ልጁንም፥ «እንደምን አደርክ የኔ ጌታ» ብላ ፈገግ ትልለታለች። ሰውዬው አይመልስላትም። ልጁን ፈጥኖ ወደ ነጠላው ውስጥ ይሸሽገዋል። ልጁም፥ «አባዬ፥ ምን አደረገችን?» ይላል። «ዝም በል፤ ዓይኗ እንዳያርፍብህ» ይለዋል።

ከዚያም ወደ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ ይሰግዳል፤ ባልንጀራን ስለ መውደድ ሲነበብ ራሱን እየነቀነቀ ይሰማል። በቀትር ተመልሶ በዚያች ሴት ወገን እጅ በተሠራው ምጣድ የተጋገረውን እንጀራ ባርኮ ይበላል፤ በጀበናዋም የፈላውን ቡና ይጠጣል። ምጣዱ አላስፈራውም፤ ጀበናው አላስፈራውም፤ የፈራው ሠሪዋን ብቻ ነው።

አንባቢ ሆይ፥ ያ ሕፃን በዚያ ቀን ሁለት ስብከት ሰምቷል። አንዱ በቤተ ክርስቲያን፥ ሁለተኛው በመንገድ ላይ ነው። የፊተኛውን በማግሥቱ ይረሳዋል፤ የኋለኛውን ግን ጸጉሩ እስኪሸብት ድረስ ይዞት ይኖራል።

ይህ ነቀፋ ለአንድ ወገን ብቻ የተነገረ እንዳይመስለን። ጾም የማያበዛ፥ ነገር ግን ጠላና ጠጅ አልቀምስም፥ መዝሙርና ጸሎት አላስታጕልም የሚል ሌላም ክርስቲያን አለ። እርሱም ሴት ልጁ ከሸማኔ ወይም ከሸክላ ሠሪ ቤት የተወለደ፥ በእምነትና በትምህርት የተመሰከረለት ወጣት ስትታጭ፥ «አጥንቱ አይታወቅም» ብሎ ጋብቻውን የሚያፈርስ እንደ ሆነ፥ ከፊተኛው ሰው ጋር በአንድ ወንበር ተቀምጧል። ሁለቱም የያዙት ትእዛዝ ሰው የሚያይላቸውና የሚያመሰግናቸው ነው። የተዉት ግን በዘመድና በጎረቤት ፊት የሚያዋርዳቸው ነው።

በቋንቋችን ውስጥ ያለውን ምስክርነት ደግሞ ልብ እንበል። በነጠላው ጠርዝ ላይ ያለውን ጌጥ «ጥበብ» ብለን እናመሰግነዋለን፤ ከዚያው ሥር የወጣውን «ጠይብ» የሚለውን ስም ግን ለስድብ አደረግነው። ሥራውን ለበስነው፤ ሠሪውን ገፈፍነው።

3. አዋጅ የሚደርስበትና የማይደርስበት

ይህ ኃጢአት ዛሬ የተገኘ አይደለም፤ ያላዩትም ነገሥታት አልነበሩም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ብረት የሚሠራውን፥ ሸማ የሚሠራውን፥ ሌላውንም የእጅ ባለሙያ በሥራው ምክንያት መስደብን ከለከሉ። የሰደበ ሰው ሠራተኛውን ሳይሆን ንጉሡን እንደ ሰደበ እንዲቆጠር፥ ደግሞ ሲሳደብ የተገኘም አንድ ዓመት እንዲታሰር አዘዙ። ብልህ አዋጅ ነበረ። ሠራተኛው እየተሰደበ ሥራውን ቢተው ማረሻ የሚሠራ እንኳ እንደሚጠፋ ንጉሡ አስተውለው ነበርና። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥትም በ25ኛው አንቀጽ ሰዎች ሁሉ በትውልድና በማኅበራዊ አመጣጥ ሳይለያዩ በሕግ ፊት እኩል እንደ ሆኑ ይደነግጋል።

ነገር ግን አዋጅ የሚደርሰው እስከ አፍ ድረስ ነው። ዳኛ የተሳደበውን ሊቀጣ ይችላል፤ በልቡ የናቀውን፥ በማዕዱ ላይ ስፍራ የነሣውን፥ ሰላምታውን ያልመለሰውን ግን ምን ያደርገዋል? ከዚያ ወዲያ ያለው አገር የወንጌል አገር ነው። ስለዚህ ወንጌልን ተቀብያለሁ የሚል ሰው ንጉሥ በአዋጅ ያዘዘውን ያህል እንኳ ካልሄደ፥ ጽድቁ ከአዋጅ በታች ሆነ ማለት ነው።

4. ቡዳ ስለሚባለው ነገር

ብዙ ሰዎች፥ «እኔ የምርቀው ስለ ንቀት አይደለም፤ ቡዳ ሰው ይበላል ስለሚባል እፈራለሁ እንጂ» ብለው ያመካኛሉ። እስቲ ይህን ምክንያት በእውነት እንመርምረው።

በዚያው በጉለሌ፥ ፓስተር በሚባለው ሰፈር፥ የበሽታን ምክንያት የሚመረምር ትልቅ ተቋም አለ። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው በ1940ዎቹ ዓመታት በዚያ ከተቋቋመው ከፓስተር ኢንስቲትዩት ነው፤ ዛሬ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት በዚያ ይሠራል። ሕፃንን በድንገት የሚጥለው ትኩሳት፥ ሆድ የሚነፋው ትል፥ ሰውነትን የሚያከሳው የሳንባ ነቀርሳ ምክንያታቸው ምን እንደ ሆነ የታወቀ ነው፤ ከቆሸሸ ውኃ፥ ከወባ ትንኝ፥ ከሚያስለው ሰው ትንፋሽ የሚመጡ ጥቃቅን ሕያዋን ናቸው። በአጕሊ መነጽር ይታያሉ። የሸክላ ሠሪ ዓይን ግን በዚያ መነጽር ታይቶ አያውቅም። እንግዲህ ቀጨኔና ፓስተር ጎረቤታሞች ሆነው፥ የተማረው ሰው የልጁን ሕመም ከመርማሪው ሳይጠይቅ በጎረቤቱ ላይ ቢፈርድ ምን ይባላል?

እውቀት ሳይኖረው የፈራ ሰው ይታዘንለታል። ክርስቲያን ግን ከእውቀትም በላይ የሚጠየቅበት ነገር አለው። በሐሰት መመስከር ከዐሥሩ ትእዛዛት በአንዱ ተከልክሏል። «ያቺ ሴት ሰው በላች» ማለት በባልንጀራ ላይ የነፍስ ግድያ ምስክርነት መስጠት ነው። በዚህ ምስክርነት ምክንያት ከጎረቤት የተለዩ፥ መኖሪያቸውን የለቀቁ፥ ልጆቻቸው የወላጆቻቸውን ሥራ ለመናገር ያፈሩ ሰዎች በአገራችን ብዙ ናቸው። ሥጋ ከመብላት ስንከለከል የሰው ስም በልተን እንደ ሆነ፥ ጾማችን ምን ይጠቅመናል? ደግሞም የክርስቶስ ኃይል ከክፉ ሁሉ ይጠብቀኛል ብሎ የሚዘምር ሰው ድስት የተሸከመችን ሴት ሲፈራ፥ የዘመረውን እንዳላመነ ያሳያል።

5. የተናቀውም ይንቃል

ይህን ያነበበ ሸማኔ ወይም የሸማኔ ልጅ ቢኖር፥ «እውነት ነው፤ ሌሎች ናቁን» ይል ይሆናል። እውነት ነው። ነገር ግን በጋሞ ደጋ ያለውን ልማድ ያስታውስ። በዚያ አገር ሸክላ ሠሪው ማና፥ ቆዳ ፋቂው ደጋላ እየተባለ ይለያል፤ ማላ ከሚባለው ወገን ጋር በጋብቻ እንዳይቀላቀል በልማድ ተከልክሎ ኖሯል። በአዲስ አበባ ስለ ሥራው የተሰደበው ሸማኔ በአገሩ የሚንቀው ሌላ ሠራተኛ ነበረው። እንዲህ ንቀት ከላይ ወደ ታች ይፈስሳል፤ እያንዳንዱ ሰው የወረደበትን ከእርሱ በታች ባለው ላይ ያፈስሰዋል። ስለዚህ ማንም ድንጋይ ለማንሣት የሚቸኩልበት ነገር የለውም።

ሐዋርያው ጴጥሮስ እንኳ ከዚህ ፈተና አላመለጠም። በኢዮጴ ሳለ ስምዖን በሚባል ቆዳ ፋቂ ቤት ብዙ ቀን ተቀምጧል (ሐዋ. 9፥43)። አይሁድ የሞተ እንስሳ ቆዳ የሚነካውን ሰው ይጸየፉ እንደ ነበረ ስናስብ፥ ይህ ትልቅ ነገር ነው። በኋላ ግን በአንጾኪያ ከአሕዛብ ወገን ከሆኑት ክርስቲያኖች ጋር ይበላ የነበረው እርሱ፥ ከኢየሩሳሌም ሰዎች በመጡ ጊዜ ፈርቶ ከማዕዱ ተለየ። ጳውሎስም በሁሉ ፊት ገሠጸው፤ ነገሩንም ግብዝነት ብሎ ጠራው። ጴጥሮስ ስለ ክርስቶስ የካደው ቃል በዚያን ቀን አልነበረም። የለወጠው የተቀመጠበትን ወንበር ብቻ ነው። ወንበሩ ግን ከቃሉ ይልቅ ጮኾ ተናገረ።

6. ልማድ ነው ለሚሉ

«ከአባቶቻችን የወረስነው ልማድ ነው፤ በአንድ ቀን አይለቅም» የሚሉ አሉ። ልማድ በአንድ ቀን እንዳይለቅ እኛም እናውቃለን። እንግሊዛዊው ጆን ኒውተን በፈረንጅ አቆጣጠር በ1748 ዓ.ም. በባሕር ማዕበል ተይዞ ሳለ ወደ እግዚአብሔር ጮኸ፤ ከዚያም ቀን ጀምሮ አማኝ እንደ ሆነ ቆጠረ። ሆኖም እስከ 1754 ድረስ በባሪያ ንግድ መርከብ አገለገለ፤ አለቃም ሆነ። ለመርከበኞቹ የእሑድ ጸሎት ያደርስ ነበር፤ ከእግሩ በታች ግን በሰንሰለት የታሰሩ አፍሪካውያን ነበሩ። በ1788 በሸመገለ ጊዜ ይህን ንግድ የሚያወግዝ ጽሑፍ አሳትሞ፥ የገዛ ኃጢአቱን በሕዝብ ፊት ተናዘዘ። በአገራችንም ክርስቲያን መባልና ባሪያ መያዝ አብረው ብዙ ዘመን ኖረዋል፤ ባርነትን ፈጽሞ የሻረው ሕግ የወጣው በ1934 ዓ.ም. ነው።

ከኒውተን የምንማረው ኃጢአትን ለመናዘዝ አርባ ዓመት መቆየት ይቻላል ማለትን አይደለም። በእነዚያ ዓመታት ውስጥ የተሸጡት ሰዎች እርሱ እስኪጸጸት ድረስ አልተጠበቁም። የምንማረው ይህን ነው፦ ጸሎት ባለበት መርከብ ውስጥ ሰንሰለት ሊኖር ይችላል፤ ጸሎት አድራሹም የሰንሰለቱን ድምፅ ላይሰማ ይችላል። ሳኦልም የበጎቹን ጩኸት አልሰማም ነበር፤ የሰማው ነቢዩ ነው።

7. ጾሙን እንተው ወይ?

አንዳንድ ሰው ይህን ሰምቶ፥ «እንግዲያስ ጾምና ጸሎት ከንቱ ነው» ይል ይሆናል። ጌታችን ግን እንዲህ አላለም። ፈሪሳውያንን የነቀፈው ከአዝሙድና ከእንስላል ዐሥራት ስላወጡ አይደለም፤ ፍርድን፥ ምሕረትንና ታማኝነትን ስለ ተዉ ነው። ያንንም ሳይተዉ ይህን ሊያደርጉ ይገባ እንደ ነበረ አስረድቷል። ትንሹ ትእዛዝ የትልቁ በር ነው፤ በበሩ ቆሞ ወደ ቤት አለመግባት ግን ሞኝነት ነው። ያዕቆብም ትእዛዛቱን ሁሉ የሰጠ አንዱ ጌታ እንደ ሆነ፥ በአንዱም የተሰናከለ በሁሉ በደለኛ እንደሚሆን ያስተምራል፤ ይህንም የሚናገረው ወርቅ ቀለበት ያደረገውን አክብሮ ድሀውን ከእግሩ በታች ስለሚያስቀምጥ ጉባኤ ነው።

ደግሞ የምንታዘዘው ጌታ ማን እንደ ሆነ እናስብ። በናዝሬት ሰዎች የተሰናከሉበት ጠራቢ ስለ ነበረ ነው (ማር. 6፥3)። ጳውሎስ ድንኳን እየሰፋ በእጁ ይበላ ነበር። ባስልኤል የመገናኛውን ድንኳን ይሠራ ዘንድ የእግዚአብሔር መንፈስ የሞላበት የእጅ ባለሙያ ነበረ። ነቢያትም እግዚአብሔርን ራሱን በሸክላ ሠሪ መሰሉት፤ እኛንም በእጁ እንዳለ ጭቃ አደረጉን። እንግዲህ ሸክላ ሠሪ ስትሄድ አይቶ ፊቱን ያዞረ ሰው፥ በማን ምሳሌ ላይ ፊቱን እንዳዞረ ይወቅ።

8. ምን እናድርግ?

ንስሐ ከአንገት በላይ እንዳይሆን፥ እያንዳንዱ ሰው በአምስት ነገር ራሱን ይመርምር።

በምላሱ፦ የሠራተኛን ስም ለስድብ ወይም ለቀልድ ይጠራልን? ሌላው ሲጠራስ ይስቃልን?

በገበያ፦ ከባለ ሱቅ ያለ ክርክር እየገዛ፥ ከሸክላ ሠሪዋ ጋር ግን እስክታለቅስ ድረስ ይከራከራልን? የሠራተኛን ዋጋ መቀነስ በሚዛን ከመስረቅ አይለይም።

በማዕድ፦ ሠራተኛው ወደ ቤቱ በመጣ ጊዜ በቤተ ሰቡ ዋንጫ ይጠጣልን? ወይስ ለእርሱ ብቻ የተለየ ዋንጫ አለ?

በዕድርና በቀብር፦ የሞተውን ሠራተኛ እንደ ሌላው ጎረቤት ይሸኘዋልን?

በጋብቻ፦ ልጆቹን ስለሚያጭ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ እምነቱና ስለ ጠባዩ ነውን? ወይስ ስለ አያቱ ሥራ?

ከእነዚህ የመጨረሻው እጅግ ከባድ ነው። ክብራችንን የደበቅነው በዚያ ነውና። ከዚህ በፊት ያሉት አራቱም ቢፈጸሙ፥ በዚህ ስፍራ የበጎች ጩኸት ይሰማ እንደ ሆነ ጆሮአችንን እናዘንብል።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን ዛሬውኑ ሊደረግ የሚቻል አንድ ትንሽ ነገር አለ። አንባቢ ሆይ፥ በሚመጣው እሑድ በጉለሌ መንገድ ስትሄድ፥ ሸክም የተሸከመች ሴት እንደምን አደሩ ብትልህ፥ ቆመህ «እግዚአብሔር ይመስገን፥ እንደምን አደሩ እናቴ» በላት። ልጅህን ከነጠላው ውስጥ አውጣው፤ እጁን ሰጥቶ ይሳለማት። ምናልባት ስለዚህ ነገር ጎረቤት ይታዘብሃል። ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ፥ ሰው በማያመሰግንበት ትእዛዝ ታዝዘሃል ማለት ነው።

ለማሰብና ለመነጋገር የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. ሳኦል ያጠፋውና ያስቀረው ምንድር ነው? በምንስ ሚዛን መረጠ?

2. በኢዮጴ የነበረው ጴጥሮስና በአንጾኪያ የነበረው ጴጥሮስ በምን ይለያያሉ?

3. በ1900 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ሊያደርገው የማይችለው፥ ወንጌል ግን የሚያዝዘው ምንድር ነው?

4. አንተ ደስ እያለህ የምትፈጽመው ትእዛዝ የትኛው ነው? ሳይነሣ እንዲያልፍ የምትወደውስ?